ከካሴት እስከ ቴሌግራም፦ ምን ተረፈ፣ ምን ጠፋ?

በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ ፒያሳ ስትፈርስ አብዛኛው ወሬ ስለ ሕንፃና ስለ ካሳ ነበር። በመሃሉ ግን ሌላ ክርክር ተነሳ፤ እስካሁንም አልበረደም። ሰፈሩ ሲነሳ የሙዚቃ ቤት፣ የፎቶ ቤትና የመጽሐፍ ሱቅ ትዝታው ምን ይሆናል? አንዱ ወገን «ምንም አልጠፋም። የድሮ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ አለ፣ የድሮ መጽሐፍም ቴሌግራም ላይ ይገኛል» ይላል። ሌላው ደግሞ «የአራዳ ትዝታ ከነቤቱ ተቀበረ» ብሎ ያዝናል።

ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ዛሬ አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ስልኩን ከፍቶ የሚያገኘውን የድሮ ሙዚቃ፣ አባቱ በዚያ ዕድሜው ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ቢዞር አያገኘውም ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን የሚያገኘው ነገር ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ነገም እዚያው ይኖር እንደሆነ ማንም ማረጋገጫ አይሰጠውም። ወደ ዲጂታል መሻገራችን ሥራዎቻችንን በሰፊው አሠራጭቷል። የማስቀመጡን ኃላፊነት ግን የተረከበ የለም። ግራ መጋባቱ የሚመጣው እነዚህን ሁለት ሥራዎች እንደ አንድ ከመቁጠር ነው።

ዲጂታል ሚዲያ ስንል ድምፅ፣ ምስል ወይም ጽሑፍ ወደ ቁጥር ተቀይሮ የሚቀመጥበትንና የሚተላለፍበትን መንገድ ሁሉ ነው። ሲዲም፣ ፍላሽም፣ ቲክቶክም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ታሪኩን ለመረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ዲጂታል ካልነበረው ዘመን መጀመር ይሻላል።

ካሴቱ ከዘፈኑ ሌላ ምን ይዞ ነበር?

ከካሴት በፊት ሸክላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ እሸቴ፣ ሸክላ ማሳተም በሕግ ለመንግሥት ብቻ በተፈቀደበት ጊዜ ደፍረው የራሳቸውን አሳታሚ ድርጅት አቋቋሙ። ብዙ ሰው አሊ ታንጎ ብሎ የሚያውቃቸው አሊ አብደላ ኬይፋም ተከተሉ። ሸክላዎቹ የሚታተሙት ውጭ አገር ነበር። ወጪው ከባድ፣ ቁጥራቸውም ትንሽ ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን ሲያዳክም ካሴት የሙዚቃው ዋና መንገድ ሆነ። ርካሽ ነው፣ በኪስ ይያዛል፣ ቤት ውስጥም ይቀዳል።

ካሴት ላይ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ሽፋኑ። በዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ የዘፋኙ ፎቶ፣ የዘፈኖቹ ዝርዝር፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ ስም፣ ቅንብሩን የሠራው ሰው፣ ያጀበው ባንድ፣ አሳታሚውና አከፋፋዩ ይጻፉ ነበር። ሁሉም ካሴት ይህን ሁሉ አሟልቷል ማለት አይደለም። ግን ልማዱ ነበር። በመረጃ አያያዝ ሙያ እንዲህ ያለው ዝርዝር «ሜታዳታ» ይባላል። ስለ አንድ ሥራ የሚነግረን መረጃ ማለት ነው፦ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር።

የዚህ ዝርዝር ጥቅም የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን የአዲስ አበባ ሙዚቃ እንደገና ለዓለም አቅርቧል። ይህን ለማድረግ የሸክላው መገኘት ብቻ አይበቃም ነበር። ማን እንዳሳተመው፣ ፈቃድ ከማን እንደሚጠየቅ መታወቅ ነበረበት። ስሙ ስለ ተጻፈ ሰውዬው ተፈለገ፤ ሰውዬው ስለ ተገኘ ሥራው ዳነ።

ከሲዲ ወደ «ማስጫን»

ሲዲ ሲመጣ ሽፋኑ አብሮ መጣ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ኮምፒውተር ሲዲ መገልበጥ ሲችል ነው። ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ድምፁ ይደክማል። የዲጂታል ቅጂ ግን ከዋናው አይለይም። ስለዚህ ዋናውን ለመግዛት የነበረው አንዱ ምክንያት ጠፋ። የሙዚቃ ሰዎች ጩኸት በረታ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው በዚሁ ሰሞን ነው። አዋጁ በኋላ በቁጥር 872/2007 ሲሻሻል፣ ሥራቸው በሕዝብ ፊት ሲቀርብ ባለመብቶች «ሮያሊቲ» የሚያገኙበትን መንገድ አስቀመጠ። ሮያሊቲ ሥራው ጥቅም ላይ በዋለ ቁጥር ለባለቤቱ የሚከፈል ድርሻ ነው።

ሕጉ ወረቀት ላይ እያለ ገበያው ቀድሞ ሄዷል። ስልኮች ሚሞሪ ካርድ መያዝ ሲጀምሩ በየመንገዱ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች ተከፈቱ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ካርድ ማንበቢያ፣ ግድግዳው ላይ «ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ። ደንበኛው ሚሞሪውን ይሰጣል። ልጁ «የድሮ ይሁን፣ አዲስ ይሁን፣ መዝሙር?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ብዙ መቶ ዘፈን በአንድ ጊዜ ይጭናል።

በዚህ ሂደት ሦስት ነገር ሆነ። አንደኛው ድምፁ ነው። የተጫነው በአብዛኛው ኤምፒስሪ ነበር። ይህ ጆሮ ብዙም አያስተውለውም የተባለውን የድምፁን ክፍል ጥሎ ፋይሉን የሚያሳንስ ዘዴ ነው። አንዴ ቢሆን ችግሩ ትንሽ ነው። የታመቀው ፋይል እንደገና ሲታመቅ ግን እየተቆረጠ የሚሄደው ይበዛል። ሁለተኛው ምርጫው ነው። ከካሴቱ ሁለት ወይም ሦስት የታወቁ ዘፈኖች ብቻ ይወሰዳሉ፤ የቀሩት እዚያው ይቀራሉ። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ይመስለኛል። የሽፋኑ ወረቀት ወደ ፋይሉ አልተሻገረም። የፋይሉ ስም «ትራክ 03» ወይም «የድሮ 17» ሆነ። በዚያች ቅጽበት ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲውና አቀናባሪው ከሥራቸው ተለያዩ።

ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የምናገኘው የድሮ ሙዚቃ ጥቂት ያልሆነው ክፍል የመጣው በዚህ መንገድ ካለፉ ፋይሎች ነው። የዘፋኙ ስም አለ፤ እሱም አንዳንዴ የተሳሳተ ነው። የቀሩት ስሞች የሉም።

ፊደሉ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ

ስለ ሙዚቃው ብዙ ይወራል። በጽሑፍ ላይ የደረሰው ግን ብዙም አይነሳም። ጉዳቱ እዚህ የበለጠ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮምፒውተር ቁጥር እንጂ ፊደል አያውቅም። እያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስክሪኑ ላይ የምናየው የቁጥሩን ምስል ነው። በድሮው አሠራር አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛው ቁጥር 256 ነበር። ለላቲን ፊደል ይበቃል፣ ይተርፋልም። የእኛ ፊደል ግን ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ ይበልጣል። የአማርኛ መጻፊያ የሠሩ ባለሙያዎች ይህን ለማለፍ ብዙ ብልሃት ፈጠሩ። አንዱ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈለው። ሌላው የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አድርጎ ስክሪን ላይ ገጣጠመው። አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ በየቢሮው የሚታወቁ ስሞች ነበሩ። ሰዎቹ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ያለ እነሱ አማርኛ ኮምፒውተር ላይ በዚያ ጊዜ አይጻፍም ነበር።

ችግሩ ስምምነት አለመኖሩ ነው። ለአንዱ ፕሮግራም «ለ» የሆነው ቁጥር ለሌላው «ቸ» ወይም አራት ነጥብ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ሰነድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ይሆናል።

መፍትሔው «ዩኒኮድ» ነበር። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የማይደጋገም ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ስምምነት ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትሙ ውስጥ ከ340 በላይ ምልክት ይዞ ገባ። ይሁን እንጂ ስምምነቱ ወረቀት ላይ መግባቱና ቢሮዎች መጠቀም መጀመራቸው የተለያየ ነገር ነው። ዊንዶውስ የራሱን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነው። ከዚያ በኋላም ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች በለመዱት ፕሮግራም ለዓመታት ቀጥለዋል።

አሁን ይህን ከጊዜው ታሪክ ጋር አያይዘን እንየው። ከ1985 የፕሬስ አዋጅ በኋላ በአዲስ አበባ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ። ብዙዎቹ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በነበረው ወከባ ቆሙ። የእነዚያ ዓመታት ጽሑፍ የተተየበውና ገጹ የተቀነባበረው በእነዚህ በማይግባቡ ፕሮግራሞች ነው። ያን ዘመን ዛሬ ማንበብ የምንችለው በአብዛኛው በወረቀት በተረፈው ነው። ብርሃንና ሰላም ታትሞ፣ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ይነበባል። የኮምፒውተር ፋይሉ ቢገኝ እንኳ ለመክፈት የዘመኑ ፕሮግራም፣ ለፕሮግራሙም የዘመኑ ማሽን ያስፈልጋል። ፋይሉ አለ፤ ጽሑፉ የለም።

ሌላም ጣጣ አለ። በድሮ ፎንት ተሠርቶ ወደ ፒዲኤፍ የተቀየረ ጽሑፍ ለዓይን ይነበባል። አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድቶ ሌላ ቦታ መለጠፍ ግን አይቻልም፤ ዝብርቁ ተመልሶ ይመጣል። ጉግልም አያገኘውም። አንድ ተማሪ ስለ 1990ዎቹ የአማርኛ ጋዜጣ ሲፈልግ «ምንም የለም» የሚል መልስ የሚያገኘው ስላልተጻፈ ሳይሆን ማሽኑ ሊያነበው ስላልቻለ ነው።

የፊደሉ ነገር ልማዳችንንም ለውጧል። ሞባይል በ1991 አዲስ አበባ ሲገባ ስልኮቹ አማርኛ አያውቁም ነበር። ሰው በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ ለመደ። ስልኮቹ አማርኛ ካወቁ በኋላም ልማዱ ቶሎ አልለቀቀም። አንዱ ምክንያት ቴክኒካዊ ነው። አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን ከሆነ 160 ፊደል ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ከሆነ 70 ብቻ። በራስ ፊደል መጻፍ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነበር። ዳታና ቴሌግራም ይህን ልዩነት ሲያጠፉት የግዕዝ ፊደል በስልክ ላይ እንደገና በዛ። ዛሬ ወጣቱ «አማርኛ መጻፍ ተወ» የሚል ወቀሳ ሲሰማ ይህን ማስታወስ ጥሩ ነው። ዋጋው ሲስተካከል ወጣቱ በገዛ እጁ ወደ ፊደሉ ተመልሷል።

ማኅደሩ የማን ነው?

ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ጥቂት ሰዎች ኢሜይል ይላላኩ ነበር። ቀጥሎ የኢንተርኔት ካፌዎች ዘመን መጣ። ከዚያ ዩቲዩብ፣ እንደ ድሬቲዩብ ያሉ የአገር ውስጥ የቪዲዮ ገጾች፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ። እነዚህን «ፕላትፎርም» እንላቸዋለን። የራሳቸው ያልሆነን ሥራ የሚያስተናግዱ፣ ሕጉን ግን ራሳቸው የሚያወጡ መድረኮች ናቸው።

ሰርቨራቸው እዚህ አይደለም። ሰርቨር ፋይሎቹ በትክክል የሚቀመጡበት ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ዓላማቸውም ንግድ ነው፤ በዚህ አይወቀሱም። ግን ነጋዴ ያላዋጣውን ይዘጋል። ያሁ እ.ኤ.አ. በ2009 ጂኦሲቲስ የተባለውን የግለሰቦች ድረ ገጽ መንደር ዘጋ። ማይስፔስ የተባለው ማኅበራዊ መድረክ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2015 ድረስ ሰዎች የጫኑትን ሙዚቃ ፋይሎቹን ከቦታ ቦታ ሲያዛውር እንዳጠፋው በ2019 ታወቀ። የጉግል ማኅበራዊ መድረክ የነበረው ጉግል ፕላስም በዚያው ዓመት ተዘጋ። እነዚህ ትንንሽ ድርጅቶች አልነበሩም።

እኛ ጋ ደግሞ የራሳችን ምክንያቶች አሉ። የድሮ የአማርኛ ሙዚቃና ድራማ ዩቲዩብ ላይ የጫኑት አብዛኛውን ጊዜ ባለመብቶቹ አይደሉም። በፍቅር የሰበሰቡ ሰዎች ናቸው፤ ለገቢም ያደረጉት አሉ። ባለመብቱ አቤት ሲል ዩቲዩብ ቪዲዮውን ያወርዳል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ቻናል ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ባለመብቱ ትክክል ነው፤ ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። ሆኖም በቻናሉ ላይ ሌላ የትም የሌለ አንድ የቲያትር ቅጂ ካለ እሱም አብሮ ይሄዳል።

የአካውንቱ ባለቤት ቢሞትስ? ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያልተከፈቱ የግል አካውንቶችን ማጥፋት ጀምሯል፤ የዩቲዩብ ቪዲዮ ያለባቸውን ለጊዜው አልነካም ብሏል። ቴሌግራምም ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንት በራሱ እንዲጠፋ አድርጎ ነው የሠራው። የቤተሰብ ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የአንድ ገጣሚ ረቂቅ በዚህ መንገድ ድምፅ ሳያሰማ ሊሄድ ይችላል።

መንግሥት መስመሩን ሲዘጋውም አይተናል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ገደማ ተቋርጧል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ታግደው ሰው በቪፒኤን ነበር የሚገባው። ቪፒኤን መስመርን በሌላ አገር በኩል አዙሮ እገዳን የሚያልፍ ዘዴ ነው። በእነዚያ ወራት «ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚለው መልስ ለብዙ ሰው አልሠራም።

ባህሉ ላይ የመጣው ለውጥ

በ1990ዎቹ አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ የማከራየት ሥራ ነበር። ሰው መግዣ ባይኖረው በትንሽ ሳንቲም ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ወይም ካፌ በር ላይ ተቀምጦ ያነባል። ጎን ለጎን የተቀመጡት አንድ ዓይነት ገጽ አንብበው ስለ አንድ ዓይነት ጉዳይ ይከራከራሉ። ሐሳባቸው ይለያይ፤ የሚከራከሩበት ጽሑፍ ግን አንድ ነበር።

አሁን ለእያንዳንዱ ሰው የሚታየውን የሚመርጠው «አልጎሪዝም» ነው። ሰውየው ቀደም ብሎ የወደደውንና የቆየበትን አይቶ ቀጥሎ የሚቀርብለትን የሚወስን የስሌት ሥርዓት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ቀን ሁለት የተለያየ አገር ሊያዩ ይችላሉ። ስለ ጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃ የሚደረገው ክርክር ሥሩ በከፊል እዚህ ነው። የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1185 የተናጋሪውን ቅጣት ደነገገ። የምርጫው ስሌት ግን ከአዋጁ ጉልበት ውጭ ነው የሚሠራው።

በሙዚቃው በኩል አልጎሪዝሙ የተደመጠውን ደጋግሞ ያስደምጣል። ስለዚህ «የድሮ ዘፈን» የምንለው ክምችት በአሥርና በሃያ ድምፃውያን ዙሪያ እየጠበበ ነው። በአንድ ካሴት ታይተው የጠፉ፣ ከክፍለ ሀገር መጥተው አንድ ጊዜ የቀዱ፣ በሌላ ቋንቋ የዘፈኑ ድምፃውያን ፈላጊ ከሌላቸው አይወጡም።

መልካሙን ጎን አለማንሳት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ዱሮ አንድ ወጣት ዘፈኑን ለሕዝብ ለማድረስ የአሳታሚ ደጅ መጥናት ነበረበት። አሁን አያስፈልገውም። ከከተማ ርቆ የሚዘፍን አዝማሪ በአንድ ስልክ ተቀርጾ በሳምንት ውስጥ ዋሽንግተን ይሰማል። እንደ አውታርና ሰዋስው ያሉ የአገር ውስጥ የሙዚቃ መተግበሪያዎችም ሥራው ከባለቤቱ ስም ጋር የሚሸጥበትን መንገድ ለመመለስ ሞክረዋል። በር መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። በሩ ስለ ተከፈተ ግን ቤት ያለ ይመስለናል።

ማን ያስቀምጥ?

የመጀመሪያው አስተያየት «ሕዝቡ ራሱ ያስቀምጠዋል» የሚል ነው። ቅጂ በበዛ ቁጥር ሥራው አይጠፋም። ይህ እውነትነት አለው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችም ብዙ ቅጂ በብዙ ቦታ ማስቀመጥን ይመክራሉ። ችግሩ የሚበዛው የተወደደው ብቻ መሆኑ ነው። በሺህ ስልክ ላይ ያለው አንድ ዘፈን ነው፤ ሌላው አንድም ቦታ የለም።

ሁለተኛው «የመንግሥት ሥራ ነው» ይላል። በወረቀት ዘመን አሳታሚዎች ከሚያሳትሙት ቅጂ ለወመዘክር የማስገባት ግዴታ ነበረባቸው። ጋዜጣና መጽሐፍ በጥቂት ማተሚያ ቤቶች ስለሚያልፍ ቁጥጥሩም ይቻላል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2005፣ እንግሊዝ በ2013 ይህን ግዴታ ወደ ድረ ገጾች አሻግረዋል። የአገሩን ድረ ገጽ ቤተ መጻሕፍቱ በሕግ ይሰበስባል። ነገር ግን ኢንተርኔት ሲዘጋ ያየ ሰው «ማስቀመጫውንም ለመንግሥት እንስጥ?» ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የሚያስቀምጠው አካል የማይፈልገውን ላያስቀምጥ ይችላል።

ሦስተኛው ድምፅ ጸጥ ያለ ነው፤ ሊደመጥ ግን ይገባዋል። ሁሉ ነገር መቀመጥ የለበትም ይላል። በአሥራ ሰባት ዓመቷ የለጠፈችው ቪዲዮ በሠላሳ ዓመቷ እንዲከተላት የምትፈልግ ሴት የለችም። የ2016ቱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ሰው ስለ ራሱ የተያዘ መረጃ እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት እንዳለው ያውቃል።

እኔ መስመሩ መሰመር ያለበት በታተመ ሥራና በግል ሕይወት መካከል ነው እላለሁ። ለገበያ የወጣ ሙዚቃ፣ የተላለፈ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ የታተመ ጋዜጣ ይቀመጥ። የግለሰብ ልጥፍ የባለቤቱ ይሁን። አስቀማጩም አንድ ብቻ አይሁን።

ይህ ሕልም አይደለም፤ በዚችው ከተማ አንድ ጊዜ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ገዳማዊ ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። ማይክሮፊልም የመጽሐፍ ገጾችን አሳንሶ የሚይዝ የፎቶ ፊልም ነው። በአብዮቱና በጦርነቱ ዓመታት መሃል ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎች ተነሡ። አንዱ ቅጂ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ተቀመጠ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቃውንት ለዓመታት ተቀምጠው እያንዳንዱ ብራና ምን እንደያዘ፣ መቼ እንደ ተጻፈ፣ ከየት እንደ መጣ ካታሎግ አዘጋጁ። ዛሬ እነዚያ ፊልሞች ወደ ዲጂታል ተቀይረው ተመራማሪ ካለበት ሆኖ ያያቸዋል። የማይክሮፊልም ማሽን ከሥራ ውጭ ቢሆንም ሥራው ወደ አዲሱ ዘመን ተሻግሯል። ያሻገረው ካታሎጉ፣ ፈቃዱና በሁለት ቦታ መቀመጡ ነው።

ቀጥሎ ምን ሊመጣ ይችላል?

አንደኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የድምፅና ምስል ማኅደሮች ማኅበር የማግኔት ቴፕ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ቴፑ ከነሕይወቱ ቢቆይም ማጫወቻው፣ መለዋወጫውና ጠጋኙ እየጠፋ ስለሆነ 2025 አካባቢ ነገሩ በጣም እንደሚከብድ ነበር ያሉት። ያ ዓመት ደርሷል። በአገራችን ይህ የሚመለከተው ካሴት ብቻ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የተጓዘው የቴሌቪዥን ታሪካችን ትልቅ ክፍል፣ የቪኤችኤስ ፊልሞች፣ በትንንሽ ዲጂታል ካሴቶች የተቀረጹት የ1990ዎቹ ፊልሞች ሁሉ በዚህ ውስጥ ናቸው። ሀብታም አገርም ከዚህ አላመለጠም። የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ቴፑን መልሶ ለመጠቀም ሲል ብዙ ፕሮግራሞቹን ደምስሷል።

«ኢንተርኔት አርካይቭ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የዓለምን ድረ ገጾች እየቀዳ ያስቀምጣል። የጠፉ የኢትዮጵያ ድረ ገጾችንም አንዳንዶቹን እዚያ ማግኘት ይቻላል። እሱም ቢሆን በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. በደረሰበት የሳይበር ጥቃት ለቀናት ተዘግቶ ነበር። የአንድ ድርጅት ጉልበት ወሰን አለው።

ሁለተኛው የሮያሊቲ ጉዳይ ነው። በሕጋችን የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፤ ለወራሾቹ ነው። የገጣሚው ስም ከዘፈኑ ከተለየ ግን ለማን ይከፈላል? ገንዘቡ የሚሰበሰብበት ሥርዓት እየተጠናከረ በሄደ ቁጥር ይህ ጥያቄ ወደ ፍርድ ቤት መሄዱ አይቀርም። ያኔ ማስረጃ የሚሆነው ያ የካሴት ሽፋን ነው።

ሦስተኛው አዲስ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉት የቋንቋ ማሽኖች አማርኛን የሚማሩት ማሽን ሊያነበው ከሚችል ጽሑፍ ነው። በድሮ ፎንት የታሰረው የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ጽሑፍ ለእነሱ የለም። ፎቶ ተነሥቶ ብቻ የተቀመጠውም በቀላሉ አይነበብም። ስለዚህ ማሽኑ የሚያውቀው አማርኛ የቅርብ ዓመታት የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍና ትርጉም ይበዛበታል። የአንድ ትውልድ ጋዜጠኞች ጥሩ አማርኛ ከዚህ ውጭ ይቀራል። ትርጉሙም፣ ፍለጋውም፣ የተማሪው የቤት ሥራም ይህንኑ ጉድለት ይዞ ይሄዳል። የድሮውን ኮድ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም መሥራት ይቻላል፤ ለአንዳንዶቹ ፎንቶች ተሠርቷልም። የሚከብደው ፋይሎቹን ከየቤቱ ማሰባሰቡ ነው።

ዋጋው ትንሽ ሆኖ ጊዜ የማይሰጠው ሥራ የሽፋኖቹ ነው። የካሴት ሽፋን ከፊትም ከኋላም ፎቶ ለማንሳት ተራ ስልክ ይበቃል። ከፎቶው ጋር የዘፋኙ፣ የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲው፣ የአቀናባሪው፣ የባንዱና የአሳታሚው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱም ከታወቀ፣ በግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ይጻፍ። ስሙ ያልተጻፈበትን ደግሞ በሕይወት ያሉት የዚያ ዘመን አቀናባሪዎችና የሙዚቃ ቤት ባለቤቶች ሊሞሉት ይችላሉ። ብዙዎቹ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል።